በካርዴ ላይ «ጾመኛ» ተብሎ የተጻፈው ቃል እንዲሰረዝልኝ

ለክቡር የሆስፒታላችን የደም ማከማቻ ክፍል አስተዳዳሪ
ሐረር

ኅዳር 30 ቀን 1961 ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፣

ጤናዎ እንደ ማቀዝቀዣዎ በቀን ሦስት ጊዜ እየተለካ፣ ሳይወጣ ሳይወርድ እንዲቆይልን ከልብ እመኛለሁ፤ ለክብርት ባለቤትዎና ለልጆችዎም እንዲሁ። እኔ አመልካቹ ኪዳነወልድ በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሃያ አምስት ዓመት በጸሐፊነት አገልግዬ ባለፈው ዓመት ጡረታ የወጣሁ፣ ከጀጎል ግንብ ውጭ በአዲሱ ከተማ የምኖር፣ ዕድሜዬ ሃምሳ ስድስት የሆነና የክፍልዎ ደንብ ገና ለአራት ዓመት ያህል ደም መስጠት የሚፈቅድልኝ ሰው ነኝ።

ደብዳቤዬ ታሽጎ በእጅዎ በመግባት ፈንታ ግልጽ ሆኖ በመለጠፉ ቅር እንዳይሰኙብኝ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ግልጽ የሆነበት ምክንያት አለኝ፤ ወደ መጨረሻው እደርስበታለሁ። ድሮ ቢሆን ይህን ሁሉ በአንድ ገጽ እጨርሰው ነበር፤ አሁን ግን ከክፍልዎ ደጅ ሦስት ጊዜ ተመልሼ እግሬም ብዕሬም ዝሏልና በዝግታ ስሄድ ይታገሡኝ።

ጉዳዩ የልጄ የሰገነት ነው። ሰገነት ነፍሰ ጡር ናት፤ ቀኗም ታኅሣሥ ዐሥር አካባቢ እንደሚሆን ሐኪሙ ነግሮናል። የዛሬ ሁለት ዓመት የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ ብዙ ደም ፈሷት ሕፃኑ አልቆየም፤ እሷም ሦስት ቀን ሙሉ ከንፈሯ ነጥቶ፣ ስንጠራት ሳትመልስ ቆይታ ነው የተረፈችልን። ስለዚህ ሐኪሙ ዘንድሮ ምጥ ሳይመጣ ለእሷ የሚሆን ሁለት ጠርሙስ ደም በማቀዝቀዣው ውስጥ ተቀምጦ ማየት እንደሚፈልግ፣ ያለዚያ ግን ኃላፊነቱን እንደማይወስድ በግልጽ ተናግሯል። በክፍልዎ ደንብ መሠረት ሰጪ ፈልጎ ማምጣት የቤተሰብ ድርሻ ነው፤ ደሙም ከተቀዳ በኋላ ከሃያ አንድ ቀን በላይ ስለማይቆይ ከብዙ ጊዜ በፊት አምጥቶ ማስቀመጥ አይቻልም። እንግዲህ የቀረን ዐሥር ቀን ነው። የምጠይቀውም ሁለት ጠርሙስ ብቻ ነው።

አንደኛ፤ ስለ ማቀዝቀዣው ምስጋና።

ባለፈው ሰኔ በባቡር ድሬዳዋ ደርሶ በካሚዮን ዳገቱን የወጣው ነጭ ማቀዝቀዣ ለከተማችን ትልቅ ኩራት ነው። ሠራተኞችዎ ጧት፣ ቀትርና ማታ ሙቀቱን እየለኩ ይጽፋሉ፤ እኔም የድሮ ልማዴ አልለቅ ብሎኝ በሩ አጠገብ የተሰቀለውን መዝገብ ገልበጥ ገልበጥ ሳደርገው ከሰኔ እስከ ኅዳር አንድ ቀን እንኳ ሳይዘለል አራት ዲግሪ፣ አራት ዲግሪ፣ አራት ዲግሪ ይላል። እንዲህ ያለ ንጹሕ መዝገብ በሃያ አምስት ዓመት ውስጥ አላጋጠመኝም። ብቻ በመስታወቱ በር ወደ ውስጥ ስመለከት በአራት ዲግሪ የሚጠበቀው አብዛኛው ነገር አየር ሆኖ አገኘሁት። እርግጥ ነው፣ አየሩ ብቻውን አይደለም፤ በላይኛው መደርደሪያ ላይ አንገቱ በሪባን የታሰረ አንድ ጠርሙስ አለ። እሱም በምርቃቱ ዕለት እርስዎ ራስዎ ለአርአያነት የሰጡት ደም ነው። በጠርሙሱ ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ የደሙ ዓይነት ኦ መሆኑን ያመለክታል። የሰገነትም ደም ኦ ነው።

ነርስ ብርነሽን ስጠይቃት በትዕግሥት አስረዳችኝ። በጠርሙስ የተቀመጠ ደም ሲረጋ ቀዩ ከታች ይተኛል፣ ፕላዝማ የሚባለው ቢጫ ውሃ ከላይ ይቀራል፤ ቢጫው ቢጫ ሆኖ እስከቆየ ድረስ ደሙ ደህና ነው፣ ቢጫው ከቀላ ግን ከታች ያለው ፈርሷል ማለት ነው። የእርስዎ ጠርሙስ የላይኛው ክፍል ዛሬ ቀይ ሥር የተቀቀለበት ውሃ ይመስላል። በሰኔና በሐምሌ መካከል ለሃያ አንድ ቀን አንድ ሰው ሊያድን ይችል የነበረው ደም ለመታሰቢያ እንዲሆን ማንም እንዳይነካው በመታዘዙ፣ ይኸው አምስት ወር ተኩል ሙሉ አንድም በሽተኛ ሳያስቸግረው አርፎ ተቀምጧል። ስለ መታሰቢያው እናመሰግናለን።

ሁለተኛ፤ ስለ ሰማያዊው ውሃ።

በዚህ ላይ ቅሬታ የለኝም፤ ቁጥር የሰጠሁት ነገሩ በተራው እንዲሄድ ብቻ ነው። ኅዳር 10 ቀን ለመስጠት ስመጣ ብርነሽ ጣቴን ወግታ አንዲት ጠብታ ደም ሰማያዊ ውሃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ ጣለች። ጠንካራ ደም ይሰምጣል፣ የሳሳ ደም ይንሳፈፋል። የእኔዋ ተንሳፈፈች። ብርነሽም አባባ፣ ሁለት ሳምንት ጉበት እየበሉ ይቆዩና ይመለሱ አለችኝ። ጾመ ነቢያት ሊገባ አምስት ቀን ቀርቶት ነበር። ይህን እሷም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ።

ሦስተኛ፤ ስለ ኮሪደሩ።

የደም ሰጪዎች ክፍል ከምርቃቱ በተረፉ ወንበሮች ስለተሞላ ጸሐፊዎ አቶ እንደሻው ጠረጴዛቸውን ኮሪደር ላይ ዘርግተው ይሠራሉ። አቶ እንደሻው ታታሪ ሰው ናቸው፤ ድምፃቸውም ማንንም አያሳስትም። ኅዳር 24 ቀን ማክሰኞ ጧት ለሰገነት ብለን የመጣን ዐሥራ አንድ ሰዎች፣ ዘመድ፣ ጎረቤትና የማኅበር ወዳጅ ተቀላቅለን፣ ግድግዳውን ተደግፈን ተሰለፍን። አቶ እንደሻው እያንዳንዳችንን በቅርቡ ወባ ይዞን እንደሆነ፣ የወፍ በሽታ ታመን እንደሆነ፣ ቂጥኝ ይዞን ያውቅ እንደሆነ፣ ኮሪደሩ ጫፍ ላይ የተቀመጡ አስታማሚዎች ሳይቀሩ በሚሰሙት ድምፅ ጠየቁን። ስለ ቂጥኝ ሲነሣ ዐሥራ አንዳችንም እንዲህ ያለ በሽታ በሐረር መኖሩን ገና መስማታችን ነበር። ደግነቱ ብርነሽ በላቦራቶሪ ውስጥ ደሙን ራሱን ትመረምረዋለች፤ ደም ደግሞ ጎረቤት አለ ብሎ አያፍርም።

የመጨረሻው ጥያቄ ግን ዛሬ ቁርስ በልተዋል ወይ የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። በጥቅምት አንድ የሶፊ ገበሬ ባዶ ሆዱን ሰጥቶ ሲወጣ ደረጃው ላይ ወድቆ ግንባሩ ተፈንክቷል፤ ከዚያ ወዲህ ያልበላ ሰው እንዳይሰጥ መከልከልዎን የማደንቀው ያለ ምንም ፌዝ ነው። ነገር ግን፣ ክቡር ሆይ፣ ረመዳንና ጾመ ነቢያት ገጥመው በገቡበት በዚህ ወር፣ በዚህች በሐረር፣ ጧት በሁለት ሰዓት ተኩል፣ አንድን ሰው በጎረቤቶቹ ፊት ቁርስ በልተዋል ወይ ብሎ መጮህ ምን ዓይነት መልስ እንደሚያስገኝ ክፍልዎ አስቦበት ይሆን?

መጀመሪያ ጀማል ተጠየቀ። ጀማል በጅጅጋ መንገድ ካሚዮን የሚነዳ ጎረቤታችን ነው፤ መንገደኛ በመሆኑ ሃይማኖቱ የሚፈቅድለትን ቁርስ መንገድ ላይ በልቶ፣ መኪናውን ሆስፒታሉ በር ላይ አቁሞ ነበር የመጣው። ነገር ግን የሰፈሩ ሰዎች ቆመው ሲሰሙት ጾመኛ ነኝ አለ። ይህን እንድጽፍ ፈቅዶልኛል። ቀጥሎ ወይዘሮ ተናኘወርቅ ነበሩ፤ የሰገነት ክርስትና እናት ናቸው፣ በማኅበራችንም ማን መጣ ማን ቀረ፣ ማን ጾመ ማን ገደፈ የሚሉት እሳቸው ናቸው። ጾመኛ ነኝ አሉ፤ እውነትም ናቸው። ከዚያ ተራው የእኔ ሆነ፤ እኔም ጾመኛ ነኝ አልሁ። ከኋላዬ የቆመው ሥጋ ሻጩ ሳኒ ይህን ሲሰማ ወለሉን ተመለከተ። ተራው ሲደርሰው እሱም ጾመኛ ነኝ አለ፤ እሱም እውነቱን ነበር።

ዐሥራ አንድ ሰው ገባ፣ ዐሥራ አንድ ጾመኛ ወጣ፣ አንድ ጠርሙስ አልሞላም። አቶ እንደሻው በየካርዳችን ላይ በቀለም «ጾመኛ፤ ጾሙ ሲፈታ ይመለስ» ብለው ጽፈው ማኅተም መቱበት። የእኔ ጾም የሚፈታው በገና ነው፤ የሰገነት ቀን ከዚያ በፊት ነው።

ብርነሽ ግን ስወጣ ጠራችኝና ጣቴን እንደገና ወጋች። በዚህ ጊዜ ጠብታዋ እንደ ጠጠር ሰመጠች። ብርነሽ ወደ ብርጭቆው፣ ከዚያም ወደ እኔ ተመለከተችና ካርዱን ይዛ ወደ አቶ እንደሻው ሄደች። እሳቸውም በቀለም የተጻፈ ቃል የሚሰረዘው ባለ ካርዱ ለአስተዳዳሪው በጽሑፍ ሲያመለክት ብቻ መሆኑን አስታወሷት። ይህን ደንብ እኔ ከእሳቸው በፊት አውቀዋለሁ፤ በሃያ አምስት ዓመት ውስጥ ስንቱን ባለጉዳይ በዚሁ ቃል ከደጅ መልሻለሁ። ያን ጊዜ እንኳ እውነቱን መናገር እችል ነበር፤ ነገር ግን ወይዘሮ ተናኘወርቅ ነጠላቸውን እያስተካከሉ በሩ ላይ ቆመው ነበርና አፌን አልከፈትሁም።

ቤት ስገባ ሰገነት አባዬ፣ ተገኘ ወይ አለችኝ። እየተገኘ ነው አልኋት። የሕፃን ጨርቅ እያጠፈች ነበር፤ እጇ ለአንድ አፍታ ቆመና ማጠፏን ቀጠለች።

አራተኛ፤ ስለ ጉበቱ።

ይህኛው ቅሬታ በእርስዎ ላይ ሳይሆን በራሴ ላይ ነው፤ የማቀርብበት ሌላ ቢሮ ስላላገኘሁ ከእርስዎው ጋር አያይዤዋለሁ። ጾሙ ሲገባ የክርስቲያን ሥጋ ቤቶች ተዘጉ። ዶሮ በቤቴ እንዳላርድ ሽታው ጎረቤቱን ሁሉ ያዳርሳል። ስለዚህ ወደ ሳኒ ሄድሁ። ሳኒ ጉበት ስጠይቀው ደንግጦ ለማን እንደሆነ ጠየቀኝ፤ ሰገነትን አነሣሁለት፤ ከዚያ በኋላ ሌላ አልጠየቀኝም። አንድ ክርስቲያን ሙስሊም ያረደውን ሲበላ ምን እንደሚባል ለእርስዎ አልነግርም፤ ያውም በጾም ሲሆን ምን እንደሚባል እኔም አላውቅም። ዘጠኝ ቀን ሙሉ፣ የመግሪብ አዛን ሲሰማ፣ የሳኒ ባለቤት ዘይነባ ለቤተሰቡ ተምርና ውሃ፣ ለእኔ ጉበት እያቀረበችልኝ፣ እነሱ ጾማቸውን ሲፈቱ እኔ ጾሜን ስገድፍ በአንድ ማዕድ ተቀመጥን። አንድ ቀን እንኳ በሚያሳፍር ዐይን አላዩኝም። ማክሰኞ ጧትም ዘይነባ በወረቀት የጠቀለለችልኝን ቁራጭ ግንቡ ጥግ ቆሜ በልቼ፣ አፌን ጠርጌ ነው ወደ ኮሪደርዎ የመጣሁት።

እንግዲህ የሳኒ ጉበት በሆዴ እያለ፣ ሳኒ ከኋላዬ ቆሞ እየሰማኝ፣ ጾመኛ ነኝ አልሁ። በመብላቴ አላፍርም፤ ደግሜም እበላለሁ። ያፈርሁት ለልጄ ብዬ የበላሁትን ለልጄ ብዬ ማመን ስላቃተኝ ነው። አንዲት ቃል ብናገር ኖሮ ያን ዕለት አንዱ ጠርሙስ ይሞላ ነበር።

አምስተኛ፤ ስለ ሳኒ።

ሳኒ በዚያው ቀን ከዙሁር ሶላት በኋላ ሸኹን ጠየቀ። ሸኹም ነፍስ ለማዳን ከሆነ እንዲበላና ቀኑን ከረመዳን በኋላ ጾሞ እንዲተካ ነገሩት። ረቡዕ ጧት በልቶ መጣ፤ እኔም አብሬው መጣሁ። አቶ እንደሻው እንደ ልማዳቸው ከፍ አድርገው ጠየቁት፤ ሳኒም ከመስጊድ የሚያውቁት ሦስት ሰዎች አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ሳለ፣ ድምፁን ሳይቀንስ፣ በልቻለሁ አለ። ሰዎቹ ዞረው ተመለከቱት። አቶ እንደሻው ካርዱን አገላብጠው ትናንት በቀለም የተጻፈው «ጾመኛ» የሚለው ቃል ገና አለመሰረዙን አሳዩትና በትሕትና ሸኙት።

ዘይነባ እንደነገረችኝ ሳኒ ለአካለ መጠን ከደረሰ ወዲህ በረመዳን በቀን ሲበላ ያ የመጀመሪያው ነው። ለሰው ልጅ ብሎ የበላት ቁርስ ለማንም ሳትጠቅም ቀረች፤ እሱ ግን ያን ቀን ይተካዋል፣ አግዳሚው ላይ የነበሩት ሰዎችም ያዩትን አይረሱለትም። እኔ አጠገቡ ቆሜ ነበር፤ ያን ጊዜም አልተናገርሁም። ስንወጣ ሳኒ «ጋሽ ኪዳነወልድ፣ አይዞዎት፣ አላህ ያውቃል» አለኝ። ስለ ማክሰኞው ነገር እስከ ዛሬ አንዲት ቃል አላነሣብኝም፤ ቢያነሣብኝ ይቀለኝ ነበር።

እንግዲህ ልመናዬ ይህ ነው። ኅዳር 24 ቀን በኮሪደርዎ የሰጠሁት መልስ ሐሰት ነበር። ያን ዕለት ቁርስ በልቻለሁ፤ የበላሁትም በሳኒ ቤት የተሠራ ጉበት ነው። በካርዴ ላይ የተጻፈው ቃል በዚሁ ማመልከቻ መሠረት እንዲሰረዝልኝ እጠይቃለሁ። የሳኒንና የጀማልን ማመልከቻ እኔው ጽፌ ከዚህ ጋር አያይዣለሁ፤ እነሱም ፈርመውበታል። የእነሱም ደም እንደ እኔው ኦ ነው።

ሁለተኛው ልመናዬ ከአቶ እንደሻው ጠረጴዛ ፊት መጋረጃ እንዲሰቀል፣ ጥያቄውም በዝግታ እንዲጠየቅ ነው። ወንበሮቹን ማንሣት ከባድ ሥራ መሆኑን እረዳለሁ፤ አንድ የአልጋ አንሶላ ግን ይበቃል። አንሶላውን፣ ገመዱንና ሚስማሩን እኔ አመጣለሁ። ሦስተኛው፣ ረመዳን እስኪያልቅ ድረስ ከመግሪብ በኋላ ለአንድ ሰዓት ክፍሉ ቢከፈት፣ ጾማቸውን ፈትተው፣ በልተውና ጠጥተው ሊሰጡ የሚችሉ ብዙ ሰዎች በዚህች ከተማ አሉ። ማቀዝቀዣውን ለመለካት የሚመጣው ሠራተኛ መቼም በዚያ ሰዓት ከቦታው አይጠፋም።

ደብዳቤዬ ግልጽ የሆነበትንም ምክንያት አሁን ልናገር። የዋሸሁት በሕዝብ ፊት ነው፤ በታሸገ ፖስታ ብታረም ግማሹ ውሸት ኮሪደሩ ውስጥ ይቀራል። ወይዘሮ ተናኘወርቅ ይህን ሲያነቡ ወይም ሲነበብላቸው የሚሰማቸውን አውቃለሁ፤ ቢሆንም የክርስትና ልጃቸውን እንደሚወዱ ስለማውቅ እስከ ታኅሣሥ ዐሥር ድረስ ብቻ እንዲታገሡኝ እለምናቸዋለሁ። የንስሐ አባቴም የሚፈርዱብኝን ሁሉ እቀበላለሁ። ብቻ ቅጣቱ ጾም እንዳይሆን አደራ እላለሁ፤ ጉበቱን ገና አልጨረስሁም።

ለክቡርነትዎ ያለኝ አክብሮት ሳይሞቅ ሳይቀዘቅዝ በአራት ዲግሪ የሚጠበቅ መሆኑን እያረጋገጥሁ፣ ነገ ማክሰኞ ጧት በሁለት ሰዓት ተኩል በልቼ፣ እጅጌዬን ጠቅልዬ በኮሪደርዎ እንደምገኝ፣ አቶ እንደሻውም የፈለጉትን ያህል ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ቢጠይቁኝ በዚያው ልክ እንደምመልስላቸው በታላቅ ትሕትና አስታውቃለሁ።

የክፍልዎ ታዛዥና ያልተቀዳ ደም ሰጪ
ኪዳነወልድ ለገሠ
(ፊርማ)

ግልባጭ፦
ለማኅበራችን አባላት፣ በወይዘሮ ተናኘወርቅ በኩል
ለንስሐ አባቴ
በሳኒ ሥጋ ቤት በር ላይ ለሚለጠፍ
በሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ለሚለጠፍ

ከፊርማ በኋላ የታወሰኝ፦ በሪባን በታሰረው ጠርሙስ አንገት ላይ የተንጠለጠለውን የእርስዎን ካርድ በመስታወቱ በር በኩል አነበብሁት። ማንም አላሳየኝም፤ የመዝገብ ቤት ዐይን ሆኖብኝ ነው። «ሰኔ 14 ቀን 1960 ዓ.ም.። ቁርስ፦ በልተዋል።» ይላል። ቀኑን ቆጥሬ ብደርስበት ዓርብ ነው፤ በዚያም ላይ ጾመ ሐዋርያት ነው። ሁልጊዜ በቅዳሴ ከፊታችን ስለሚቆሙ ነገሩ ለጊዜው አስገርሞኝ ነበር፤ በኋላ ሳስበው ግን በልተው መስጠትዎም፣ መብላትዎን ማመንዎም ፍጹም ትክክል ነው። እውነቱን ለመናገር የቻሉት በቢሮዎ፣ በሩ ተዘግቶ፣ በዝግታ ስለተጠየቁ ነው፤ እኛም የምንለምነው ያንኑ በር ነው፤ በሩ ባይገኝ አንሶላውን። ምስጢርዎን ደግሞ ከላይ ግልባጭ ከተደረገላቸው በቀር ለማንም እንደማልናገር በክብሬ አረጋግጥልዎታለሁ።